ስንኙን ማን ይፍታው? ስለ «ሄቪ ሜታል» ግጥሞችና ስለ ፈቺዎቻቸው ታሪክ

ኪነ ጥበብ የኅብረተሰብ ኑሮ ነጸብራቅ ነው የሚለው አባባል ብዙ ጊዜ የተነገረ፣ እውነትነትም ያለው አባባል ነው። ይሁን እንጂ ነጸብራቅ ሲባል ሁልጊዜ በጠራ መስተዋት ውስጥ የሚታይ መልክ ማለት አይደለም። አንዳንዱ መስተዋት ጭስ የጠጣ ነው፤ አንዳንዱ የተሰነጠቀ ነው፤ አንዳንዱንም ባለቤቱ ራሱ ሆን ብሎ ያደበዘዘው ነው። በእንዲህ ያለ መስተዋት የሚታየውን መልክ ለመለየት የሚሻ ሰው ከመስተዋቱ ጋር ከመታገል ይልቅ ፊት ለፊቱ የቆመው ነገር ምን እንደሆነ ዞር ብሎ ቢያይ ይሻለዋል። በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው በዚህ ረገድ ብዙ ያወዛገበ፣ በእንግሊዝ አገር ተወልዶ በአሜሪካ ፍርድ ቤት የተከሰሰ፣ «ሄቪ ሜታል» በመባል የሚታወቅ የዘፈን ዓይነት ነው። የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የስሙ ቀጥተኛ ፍች «ከባድ ብረት» ማለት ነው። በዚህ ሙዚቃ የኤሌክትሪክ ጊታር ድምፅ እስኪሻክር ድረስ ይጎላል፤ ከበሮው ይከብዳል፤ ዘፋኙም ከዚህ ሁሉ በላይ ለመሰማት ይጮኻል። በመሆኑም የእንግሊዝኛ ተናጋሪዎች እንኳ ግጥሙን በሸክላው ማቀፊያ ላይ ታትሞ ካላገኙት አብዛኛውን ሳይሰሙ ያልፉታል። የተሰማው ደግሞ ስለ ጠንቋዮች፣ ስለ ሰይጣን፣ ስለ እብደትና ስለ ዓለም ፍጻሜ የሚያወሳ ሆኖ ይገኛል። ከዚህ የተነሣ ከ1970 ወዲህ ሁለት ዓይነት ፈቺዎች ተነሥተዋል። አንደኞቹ ግጥሙ ትርጉም የለሽ ጫጫታ ነው ብለው ይተዉታል። ሁለተኞቹ ከትርጉሙ በታች ሌላ ትርጉም፣ ከዚያም በታች ስውር ትእዛዝ ይፈልጉበታል። ይህ ጸሐፊ ሁለቱም ወገኖች የሳቱት በአንድ ምክንያት ነው ባይ ነው፤ ይኸውም ግጥሙ የበቀለበትን ቦታ፣ ሥራና ዘመን ሳይመለከቱ ስንኙን ብቻ በመያዛቸው ነው።

ለእኛ አንባቢ ነገሩ እንግዳ ሊሆን አይገባም። ወርቁን ከሰሙ ለመለየት የቃላቱን አገባብ ማወቅ ብቻ አይበቃም፤ ቅኔው በማን ፊት፣ በየትኛው በዓል፣ በምን ጉዳይ ላይ እንደተዘረፈ ማወቅ ያሻል። አጋጣሚውን ያላወቀ ሰው ሰሙን ብቻ ይዞ ይሄዳል፤ ወይም የራሱን ናስ አቅልጦ ወርቁ ይህ ነው ይላል።

እንግዲህ አጋጣሚውን ለማወቅ ወደ ቢርሚንግሃም እንሂድ። ቢርሚንግሃም ከኢንዱስትሪ አብዮት ዘመን ጀምሮ በብረታ ብረት ሥራ የታወቀች የእንግሊዝ ከተማ ናት። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የጦር መሣሪያ ይሠሩ የነበሩት ፋብሪካዎቿ የጀርመን አውሮፕላኖች ዒላማ ስለነበሩ፣ ከጦርነቱ በኋላ የተወለዱት የወዛደር ልጆች በቦምብ በፈረሱ ቤቶች ፍርስራሽ ላይ እየተጫወቱ ነው ያደጉት። «ብላክ ሳባዝ» የተባለውን የሙዚቃ ቡድን ያቋቋሙት ቶኒ አዮሚ፣ ጊዘር በትለር፣ ቢል ዋርድና ኦዚ ኦዝቦርን አራቱም በ1948 እና በ1949 በዚህችው ከተማ የተወለዱ ናቸው። ኦዝቦርን በ15 ዓመቱ ትምህርቱን አቋርጦ በቄራ ሠርቷል፤ የመኪና ጥሩምባ በሚቃኝበት ፋብሪካም ተቀጥሮ ነበር፤ በስርቆት ተከሶም ጥቂት ሳምንታት ታስሯል። የአየርላንድ ካቶሊክ ቤተሰብ ልጅ የሆነው በትለር ደግሞ የሂሳብ ሥራ ይማር ነበር። የቡድኑን ግጥሞች በአብዛኛው የጻፈው እርሱ ነው።

የአዮሚ ታሪክ ግን ለብቻው ሊነገር ይገባዋል። በ1965 የ17 ዓመት ልጅ ሳለ በአንድ የቆርቆሮ ፋብሪካ ይሠራ ነበር። ሙዚቃን መተዳደሪያው ሊያደርግ ቆርጦ ሥራውን በለቀቀበት በመጨረሻው ቀን፣ ሌላ ሠራተኛ በመቅረቷ በማያውቀው የመጭመቂያ መኪና ላይ ተመደበ። መኪናው የቀኝ እጁን የመሐልና የቀለበት ጣቶች ጫፍ ቆረጠው። ግራኝ በመሆኑ የጊታሩን አውታር የሚጫንባቸው ጣቶች እነዚሁ ነበሩ። ሐኪሞች ከእንግዲህ ጊታር አትጫወትም አሉት። ተስፋ ቆርጦ በተቀመጠበት ጊዜ የፋብሪካው አለቃው አንድ ሸክላ ይዞለት መጣ። የሸክላው ባለቤት በእሳት አደጋ ሁለት የግራ እጁ ጣቶች ከጥቅም ውጭ የሆኑበት፣ ቢሆንም በአውሮፓ ከታወቁት የጃዝ ጊታር ተጫዋቾች ግንባር ቀደም የነበረው ጃንጎ ራይንሃርት ነበር። አዮሚ ይህን ሰምቶ የፕላስቲክ ጠርሙስ አቀለጠ፤ ለጣቶቹ ጫፍ ቆብ ሠራ፤ በላዩም ቆዳ ለጠፈበት። ቆቡ እንዳያስቸግረው ቀጫጭን አውታሮችን መረጠ። በኋላም፣ በተለይ በ1971 ከወጣው ሸክላ ጀምሮ፣ አውታሮቹን እያላላ ቅኝቱን ዝቅ አደረገ። ተጨንቀው የሰሙት ሰዎች ከገሃነም የመጣ ነው ያሉት ያ ዝቅተኛና ከባድ ድምፅ ከፊሉ የመጣው በዚህ መንገድ ነው። የፋብሪካ አደጋ የሠራው ድምፅ ነው ብንል ከእውነቱ ብዙ አንርቅም።

የሰይጣኑስ ነገር? የቡድኑ ስም የተወሰደው በ1963 ከተሠራ የኢጣልያ አስፈሪ ፊልም ነው። ወጣቶቹ ከሚለማመዱበት ቦታ አጠገብ በነበረ ሲኒማ ቤት ደጃፍ ሰው ለመፍራት ገንዘብ ከፍሎ ሲሰለፍ አይተው፣ እንግዲያው እኛም የሚያስፈራ ሙዚቃ ብንሠራስ እንዳሉ ይነገራል። በትለር በዚያን ጊዜ ስለ ምትሐትና ስለ መናፍስት የሚያወሩ ልብ ወለዶችን ያነብ ነበር። አንድ ሌሊት ከአልጋው ግርጌ ጥቁር ነገር ቆሞ አየሁ ብሎ መደንገጡን ለጓደኞቹ ነግሯቸዋል፤ በቡድኑ ስም የተሰየመው ዘፈንም የወጣው ከዚህ ድንጋጤ ነው። ዘፈኑ የሚያሰማው ሰው ሰይጣንን ሲያመሰግን ሳይሆን ፈርቶ ሲርበደበድ ነው። ይህን ለማወቅ ምስጢር መፍታት አያስፈልግም፤ ጆሮ ሰጥቶ መስማት ይበቃል። በየካቲት 1970 የመጀመሪያው ሸክላ ሲወጣ ግን አሳታሚው ኩባንያ ሙዚቀኞቹን ሳያማክር በማቀፊያው ውስጥ የተገለበጠ መስቀል አተመበት። መሣሪያ ሠሪ የነበረው የኦዝቦርን አባት በበኩሉ ልጆቹን ከክፉ ይጠብቁ ዘንድ የብረት መስቀሎች ሠርቶ በአንገታቸው አሰረላቸው። የተገለበጠውን መስቀል የሸጠው ነጋዴው ነው፤ ቀጥ ያለውን የሠራው ወዛደሩ ነው። ስንኝ የሚፈታ ሰው ከሁለቱ መስቀሎች የትኛው የማን እንደሆነ ካልለየ ገና ከመነሻው ይስታል።

በዚያው ዓመት መስከረም ወር በወጣው ሁለተኛ ሸክላ ላይ ያለው «ዎር ፒግስ» የተሰኘው ዘፈን ከሁሉ የበለጠ ግልጽ ምሳሌ ይሆነናል። ርእሱ «የጦርነት አሳማዎች» ማለት ነው። መጀመሪያ የተሰጠው ርእስ ግን «ዋልፑርጊስ» ነበር። ይህም በጀርመን አገር አፈ ታሪክ ጠንቋዮች ይሰበሰቡበታል የሚባለው የሚያዝያ ማለቂያ ሌሊት ስም ነው። በትለር እንዳስረዳው ለእርሱ እውነተኛው ሰይጣን ጦርነት ነው፤ የሰይጣን ማኅበርተኞች ደግሞ ድሆችን ለሞት እየላኩ ራሳቸው በሰላም የሚቀመጡ መሪዎች ናቸው። በሰሙ ጠንቋዮች ተሰብስበዋል፤ በወርቁ ጄኔራሎች መክረዋል። ኩባንያው የጠንቋይ ስም አይሆንም ሲል ርእሱ ተለወጠ፤ ሙሉ ሸክላው በአዲሱ ርእስ ይጠራ ሲባል ደግሞ እንደገና ተከለከለ። ለክልከላው ሁለት ምክንያት ይነገራል። አንደኛው «ፓራኖይድ» የተባለው አጭር ዘፈን ገበያው ስለወደደው ነው፤ ሁለተኛው የቬትናም ጦርነት በተጋጋለበት ጊዜ እንዲህ ያለ ርእስ ደንበኛ ያስቀይማል የሚል ሥጋት ነው። ያም ሆነ ይህ ሸክላው «ፓራኖይድ» ተብሎ ወጣ። የማቀፊያው ሥዕል ግን ለቀድሞው ርእስ የተዘጋጀ ስለነበር ሳይለወጥ ቀረ፤ ጋሻና ጎራዴ ይዞ ከጨለማ የሚወጣ ሰው ነው። ሥዕሉ ስለ አእምሮ ሕመም ምን እንደሚል ለመተርጎም የደከሙ አድናቂዎች ነበሩ። የሥዕሉ ምስጢር ግን የንግድ ክፍል ውሳኔ ነው እንጂ ሌላ አይደለም።

በዚሁ ሸክላ ላይ የሚገኘው «ሃንድ ኦቭ ዱም»፣ ማለትም «የጥፋት እጅ»፣ የመርፌ አደንዛዥ ዕፅ ሱሰኛ ስለሆነ ሰው ይናገራል። ለብዙ ወላጆች ይህ ዕፁን እንደማወደስ ሆኖ ተሰምቷቸዋል። በትለር የሚለው ሌላ ነው። ቡድኑ በአሜሪካ የጦር ሰፈሮች ሲጫወት ከቬትናም የተመለሱ ወታደሮች ስንቶቻቸው የሄሮይን ሱሰኛ እንደሆኑ ለሙዚቀኞቹ ነገሯቸው፤ ጋዜጦች ያልጻፉትን ነገር ዘፈኑ ጻፈው። «አይረን ማን»፣ ማለትም «የብረት ሰው»፣ የተሰኘው ደግሞ ተረት መሳይ ነው። አንድ ሰው ወደ መጪው ዘመን ተጉዞ የዓለምን ጥፋት ያያል፤ ሕዝቡን ሊያስጠነቅቅ ሲመለስ በመንገድ ላይ ብረት ይሆናል፤ አንደበቱ ይዘጋል። ዝም ብሎ ቢቆም የሚያናግረው ቀርቶ የሚያየው ያጣል። በመጨረሻም በመናቁ ተቆጥቶ ያንኑ ያየውን ጥፋት ራሱ ያመጣዋል። በብረት ከተማ ያደገ ልጅ፣ ጣቶቹ በብረት መኪና የተቆረጡ ጓደኛ ያለው ልጅ፣ ብረት ሆኖ ስለቀረና ሰሚ ስላጣ ሰው ሲጽፍ ከየት እንዳመጣው ለመጠየቅ ወደ ሌላ ዓለም መሄድ አያሻንም።

ይህ ሁሉ ማለት ግን ግጥሞቹ የፖለቲካ መግለጫዎች ናቸው ማለት አይደለም። እንዲያውም በ1971 የወጣው «አፍተር ፎርኤቨር» ሃይማኖታዊ ዘፈን ነው፤ ሰው ከመሞቱ በፊት ወደ አምላኩ እንዲያስብ ይመክራል። ሆኖም ስለ ሮማው ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት የቀረበችውን አንዲት ጥያቄ ብቻ ነጥለው የወሰዱ ሰዎች ዘፈኑን የክህደት ዘፈን ብለውታል። አንድን ስንኝ ከቤቱ አውጥቶ ለብቻው መክሰስ ምንኛ ቀላል እንደሆነ በግምገማ ስብሰባ የተቀመጠ ሰው ሁሉ ያውቀዋል።

ቢርሚንግሃምና አካባቢዋ ያፈራችው ሌላው ቡድን «ጁዳስ ፕሪስት» ነው። ዘፋኙ ሮብ ሃልፎርድ ያደገው በዎልሶል ከተማ በብረት ማቅለጫዎች አቅራቢያ ሲሆን፣ ወደ ትምህርት ቤት የሚሄደው በጭሳቸው መካከል እያለፈ እንደነበር ተናግሯል። ጊታር ተጫዋቹ ግሌን ቲፕተን በእንግሊዝ መንግሥት የብረታ ብረት ድርጅት ሠርቷል። ቡድኑ በሚያዝያ 1980 ያወጣው ሸክላ «ብሪቲሽ ስቲል»፣ ማለትም «የእንግሊዝ ብረት»፣ የሚል ርእስ ተሰጠው። የዚያች አገር የብረት ሠራተኞች ከጥር እስከ ሚያዝያ ባካሄዱት ታላቅ የሥራ ማቆም አድማ ማግሥት መሆኑ ነው። በዚህ ሸክላ ላይ ያለው «ሕግ ማፍረስ» የተሰኘው ዘፈን ለሩቅ ሰሚ የወንጀል ቅስቀሳ ይመስለዋል። ቀረብ ብሎ ለሰማው ግን ሥራ አጥቶ ከተማ ለከተማ የሚንከራተት ወጣት ምሬት ነው።

እነዚህ ዘፈኖች ውቅያኖስ ተሻግረው ከተወለዱበት ፋብሪካ ተለይተው በአሜሪካ የከተማ ዳር ቤቶች ውስጥ ሲሰሙ ሌላ ነገር መሰሉ። በ1985 በዋሽንግተን የታላላቅ ባለሥልጣናት ሚስቶች አንድ የወላጆች ማኅበር አቋቋሙ። ከመሥራቾቹ መካከል የሴናተር አል ጎር ባለቤት ወይዘሮ ቲፐር ጎርና የገንዘብ ሚኒስትሩ የጀምስ ቤከር ባለቤት ወይዘሮ ሱዛን ቤከር ነበሩበት። ማኅበሩ ጎጂ ናቸው ያላቸውን 15 ዘፈኖች ዘረዘረ፤ ከ15ቱ ዘጠኙ የሄቪ ሜታል ቡድኖች ዘፈኖች ነበሩ። መስከረም 19 ቀን 1985 ጉዳዩ በአሜሪካ የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት ኮሚቴ ፊት ቀረበ። በዚያ ዕለት ከቀረቡት መካከል «ትዊስትድ ሲስተር» የተባለው ቡድን ዘፋኝ ዲ ስናይደር አንዱ ነበር፤ ጸጉሩን አጎፍሮ፣ እጅጌ የሌለው የጂንስ ሰደርያ ለብሶ ገባ። ሴናተሮቹ የጠበቁት ተሳዳቢ ነበር፤ ያገኙት ግን በሥርዓት የሚከራከር ሰው ሆነ። ወይዘሮ ጎር «ከስለት በታች» የተሰኘውን ዘፈኑን ስለ ማሠርና ስለ ማሠቃየት የሚያወራ የብልግና ዘፈን ነው ብለውት ነበር። ስናይደር የተጻፈው ጊታር ተጫዋቻቸው የጉሮሮ ቀዶ ጥገና ሊደረግለት ሲል ስላደረበት ፍርሃት እንደሆነ ገለጸ። አክሎም ማሠቃየትን ሊፈልጉ የገቡ ማሠቃየትን አገኙ፤ ቀዶ ጥገናን የሚፈልግ ቢኖር ኖሮ እርሱም በአገኘው ነበር የሚል ሐሳብ ሰነዘረ። በዚያን ቀን ከተነገሩት ሁሉ ለሥነ ጽሑፍ ሐያሲ የሚጠቅመው ይህ ነው። የሸክላ አሳታሚዎች ግን ሐያስያን ስላልሆኑ በኅዳር ወር በሸክሎቻቸው ላይ ማስጠንቀቂያ ለመለጠፍ ተስማሙ።

ከዚህ በኋላ ነገሩ ወደ ፍርድ ቤት ተሸጋገረ፤ ቀልድነቱም አበቃ። ኦዚ ኦዝቦርን ለብቻው በ1980 ባወጣው ሸክላ ላይ «ሱዊሳይድ ሶሉሽን» የተሰኘ ዘፈን አለ። «ሱዊሳይድ» ራስን ማጥፋት ነው። «ሶሉሽን» የሚለው ቃል ግን በእንግሊዝኛ ሁለት ፍች አለው፤ አንደኛው የችግር መፍትሔ ሲሆን ሁለተኛው ፈሳሽ፣ የተበጠበጠ ነገር ነው። የእኛ ሰዎች ኅብረ ቃል የሚሉት ይህን ነው። በሰሙ ራስን ማጥፋት መፍትሔ ነው ተብሎ ይሰማል፤ በወርቁ ሰውን ቀስ በቀስ የሚገድል ፈሳሽ፣ ማለትም አልኮል፣ ይወገዛል። ግጥሙን የጻፈው ቤዝ ተጫዋቹ ቦብ ዴይዝሊ እንደሚለው የጻፈው የኦዝቦርንን የራሱን ጠጪነት አይቶ ነው። ኦዝቦርን ግን በየካቲት 1980 በመጠጥ ምክንያት ስለሞተው ስለ ዘፋኙ ቦን ስኮት ነው ይላል። የሚጠጣው ሰው ማን እንደሆነ ባይስማሙም የመጠጡ ነገር አላከራከራቸውም። በ1984 በካሊፎርኒያ አንድ የ19 ዓመት ወጣት የኦዝቦርንን ሸክላዎች ሲሰማ አምሽቶ ሕይወቱን አጠፋ። ወላጆቹ ዘፋኙንና ኩባንያውን ከሰሱ። ክሱ ውድቅ ተደረገ፤ በ1988 የይግባኝ ፍርድ ቤቱም ዘፈኑ በሕገ መንግሥቱ የተጠበቀ የንግግር ነጻነት ያለው የጥበብ ሥራ ነው፤ ለመግደል የተሰጠ ትእዛዝ አይደለም ሲል ውሳኔውን አጸና።

የወላጆቹ ሐዘን እውነተኛ ሐዘን ነው። ልጁን የቀበረ ሰው ምክንያት ይሻል፤ በልጁ ክፍል ውስጥ ያገኘው ሸክላ ደግሞ በእጅ የሚጨበጥ ነገር ነው። ስለ ኅብረ ቃል የምንናገር ሰዎች ይህን ስንረሳ ንግግራችን ባዶ ይሆናል።

በታኅሣሥ 23 ቀን 1985 በኔቫዳ ክፍለ ሀገር በስፓርክስ ከተማ የ18 እና የ20 ዓመት ዕድሜ ያላቸው ሁለት ጓደኛሞች ለረጅም ሰዓት ሲጠጡና የ«ጁዳስ ፕሪስት»ን ሸክላ ሲሰሙ ቆይተው በራሳቸው ላይ እጃቸውን አነሡ። አንደኛው ወዲያውኑ ሞተ። ሁለተኛው ክፉኛ ተጎድቶ ከቆየ በኋላ በ1988 አረፈ። ቤተሰቦቻቸው ቡድኑንና ኩባንያውን ከሰሱ። እዚህ ላይ የሕጉን አካሄድ ልብ እንበል። የግጥሙ ግልጽ ቃል በንግግር ነጻነት የተጠበቀ ስለሆነ በእርሱ መክሰስ አልተቻለም። ዳኛው ጄሪ ካር ኋይትሄድ ግን ሰሚው ሳያውቀው ወደ አእምሮው የሚገባ ስውር መልእክት ካለ ይህ ጥበቃ አይመለከተውም ብለው በየኑ። በመሆኑም ክርክሩ በሙሉ ስውር ቃል አለ ወይስ የለም በሚለው ላይ ወደቀ። ስንኙ ምን ይላል የሚለው ጥያቄ ተዘጋ፤ ከስንኙ በታች ምን ተቀብሯል የሚለው ተከፈተ።

የተከሰሰው ዘፈን «ቤተር ባይ ዩ፣ ቤተር ዛን ሚ» ይባላል። ቡድኑ በ1978 ባወጣው ሸክላ ላይ ይገኛል፤ ድርሰቱ ግን የቡድኑ አይደለም። ጋሪ ራይት የጻፈውና «ስፑኪ ቱዝ» የተባለ ሌላ ቡድን በ1969 የተጫወተው ነው። በሐምሌ 1990 በሪኖ ከተማ ችሎቱ ሲከፈት ሸክላው ወደፊትም ወደኋላም፣ በዝግታም ተደጋግሞ ተሰማ። ከሳሾች «አድርገው» የሚል ፍች ያላቸው ሁለት አጫጭር የእንግሊዝኛ ቃላት በዘፈኑ ውስጥ ተደብቀዋል አሉ። የድምፅ ሊቃውንትና የሥነ ልቦና ምሁራን በየተራ መሰከሩ። ሃልፎርድ ለዳኛው ያለ ሙዚቃ መሣሪያ ዘፈነላቸው። ሌላም ነገር አደረገ፤ የራሱን ዘፈኖች ወደኋላ እያሽከረከረ ምን እንደሚወጣቸው ፈልጎ፣ ስለተሰበረ ወንበርና ስለ ከረሜላ የሚያወሩ የሚመስሉ የማይረቡ ቃላት አግኝቶ በችሎቱ ውስጥ አሰማ። የፈለገ ሰው ከማናቸውም ድምፅ ቃል ሊያወጣ እንደሚችል ከዚህ የተሻለ ማስረጃ ለማቅረብ አስቸጋሪ ነው።

ነሐሴ 24 ቀን 1990 ዳኛው ውሳኔ ሰጡ። የተባሉትን ቃላት የሚመስል ድምፅ መኖሩን ተቀበሉ፤ ሆኖም የዘፋኙ ትንፋሽና የጊታሩ ድምፅ በአጋጣሚ ተገናኝተው የፈጠሩት እንጂ ሆን ተብሎ የተቀበረ አለመሆኑን፣ ለሞቱ ምክንያት መሆኑም አለመረጋገጡን ገልጸው ተከሳሾቹን በነጻ አሰናበቱ።

ይህ ጸሐፊ የዚያን ዘፈን ግጥም ደጋግሞ አንብቦታል። ግልጽ ቃሉ የሚለው ይህ ነው፦ ሰውየው ሊሄድ ነው፤ ለሚወዳት ሴት ልቡን ሊገልጽላት ይፈልጋል፤ ግን ቃል አጥቷል። ስለዚህ ሌላውን ሰው አንተ ከእኔ ይልቅ መናገር ትችላለህና ንገርልኝ ይለዋል። ዘፈኑ ቃል ስላጣ ሰው ነው! ሊቃውንቱ ለሳምንታት በመሣሪያ የፈለጉት ስውር ቃል ሲሆን፣ ከላይ በግልጽ ተጽፎ የነበረው ግን መናገር አለመቻል ነበር። በችሎቱ ስለ ሁለቱ ወጣቶች የቀረበው ማስረጃ ድብደባ የነበረበት ቤት፣ የተቋረጠ ትምህርት፣ በየጊዜው የሚታጣ ሥራ፣ መጠጥና አደንዛዥ ዕፅ ነው። ይህ ሁሉ የቀረበው ተከሳሾቹን ነጻ ለማውጣት ነው፤ ለራሱ ተከሶ የሚጠየቅበት ችሎት አልነበረም። ወጣቶቹ ያንን ዘፈን ለምን እንደወደዱት የጠየቀም እምብዛም አልነበረም።

እዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ደራሲው የፈታውን ሁሉ እንቀበል ማለት ነውን? አይደለም። ደራሲም ይረሳል፤ ያሳምራል፤ በፍርድ ቤት ሲከሰስ ደግሞ እንደማንኛውም ተከሳሽ ለራሱ ይመሰክራል። ስለ አንድ ዘፈን ዴይዝሊ አንድ፣ ኦዝቦርን ሌላ ማለታቸውን አይተናል። ደግሞም የሄቪ ሜታል ግጥም ሁሉ ወርቅ አለው ማለት ራስን ማታለል ነው። ከ1970ዎቹ ማብቂያ በኋላ ብዙ ቡድኖች የመጀመሪያዎቹን ፍርሃት ሳይሆን የፍርሃቱን ልብስ ብቻ ወረሱ፤ የራስ ቅልና የተገለበጠ መስቀል እንደ ሸቀጥ ተቸረቸረ። ከሰሙ በታች ሌላ ሰም ብቻ ያለባቸው ዘፈኖች በመቶ የሚቆጠሩ ናቸው። የደራሲው ቃል አንድ ምስክር ነው፤ የፋብሪካው ታሪክ ሌላ ምስክር ነው፤ የጊዜው ጦርነት፣ የነጋዴው ፍላጎት፣ የቃሉ ሁለት ፍች እያንዳንዳቸው ምስክሮች ናቸው። ከእነዚህ ሁሉ በኋላ ነው ጆሮን ወደ ስንኙ መመለስ የሚገባው።

ከሁሉ ይልቅ ፈቺዎችን ያደከመችው አንዲት ርእስ ናት። በ«ብላክ ሳባዝ» የመጀመሪያ ሸክላ ላይ በሦስት ነጠላ ፊደላት፣ በየመካከላቸውም ነጥብ ተደርጎ፣ «ኤን. አይ. ቢ.» የሚል ርእስ የተሰጠው ዘፈን አለ። ግጥሙ ሰይጣን በፍቅር ሲያዝ ምን እንደሚሆን ያወራል፤ በመሠረቱ ቀልድ ያለበት ነው። አድናቂዎችና ከሳሾች ግን በአንድነት ፊደላቱን ሲፈቱ ኖሩ፤ ከሁሉ የታወቀው ፍች «በጥቁር ውስጥ መወለድ» የሚል ነው። ይህም ፍች ከመጽናቱ የተነሣ በ1994 ሌሎች ሙዚቀኞች ለቡድኑ መታሰቢያ ያወጡት ሸክላ በዚሁ ስም ተጠርቷል። በትለር የተናገረው እውነት ይህ ነው፦ የከበሮ መቺው የቢል ዋርድ ጢም ሹል ስለነበረ ጓደኞቹ የብዕር ጫፍ ይመስላል እያሉ «ኒብ» ይሉት ነበር፤ «ኒብ» በእንግሊዝኛ የብዕር ጫፍ ነው። ነጥቦቹ የተጨመሩት ነገሩ ምስጢራዊ እንዲመስል ነው።

ሐምሌ 5 ቀን 2025 አራቱ ሙዚቀኞች ባደጉበት በአስተን፣ በቪላ ፓርክ የእግር ኳስ ሜዳ፣ ከ20 ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ በአንድነት ተሰብስበው የመጨረሻ ትርኢታቸውን አሳዩ። ኦዝቦርን በፓርኪንሰን ሕመም ምክንያት መቆም ስላልቻለ በትልቅ ወንበር ላይ ተቀምጦ ዘፈነ፤ ከ17 ቀን በኋላም አረፈ። በዚያ ምሽት አራት ዘፈኖች ተጫወቱ። መጀመሪያ «ዎር ፒግስ» ሆነ፤ ሕዝቡም ስለ ጄኔራሎቹ የተጻፈውን ከዘፋኙ ጋር ቃል በቃል ይለው ነበር። ቀጥሎ በሦስቱ ፊደላት የተሰየመው ዘፈን መጣ። በትለር በቤዝ ጊታሩ መግቢያውን ጀመረ፤ ከበስተኋላው ተቀምጦ ከበሮውን ይመታ የነበረውም ያው ቢል ዋርድ ነበር።